ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው «ግሉኮስ ይሰካለት» አትበሉ

 

የዛሬው ጽሑፍ እንደወትሮው «ይህን ብሉ፣ ያንን ተዉ» አይነት ምክር አይደለም። የግል አስተያየቴ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ቡናችሁን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ምክንያቱም አንድ ቀን በናንተ ወይም በቅርብ ሰዋችሁ ላይ ሊደርስ የሚችል ጉዳይ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። የምሠራው ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው፤ ስሙ ይቅር። ማታ አራት ሰዓት አካባቢ ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት በባጃጅ ይዘው መጡ። ሄልሜት አላደረገም። ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጣል፤ ስሙን ይናገራል፤ ቀኑን ግን አያውቅም። በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አስመልሶታል። ከግንባሩ በላይ አብጧል፤ ደሙ ግን ብዙ አይደለም። የደም ስኳሩን ለካን፤ ደህና ነው። ግፊቱም ደህና ነው። ሲቲ ስካን እኛ ጋ የለም። ሪፈር ጻፍን፤ አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ሄዷል፤ እስኪመለስ መጠበቅ ነው።

ታላቅ ወንድሙ አጠገቤ ቆሞ እጁን ያፋትጋል። «ዶክተርዬ፣ ዝም ብለሽ ታይዋለሽ እንዴ? ቢያንስ ግሉኮስ እንኳን ይሰካለት እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

ሰካሁለት። አምስት በመቶ ግሉኮስ፣ አንድ ሊትር። ለምን? እውነቱን ልንገራችሁ፦ ደክሞኛል፣ ወንድምየው አሳዝኖኛል፣ ሌላ የማደርገው ነገር ባለመኖሩም አፍሬያለሁ። አንድ ነገር ማንጠልጠል ምንም ካለማድረግ የተሻለ መሰለኝ። ለፈተና አጥንቼ ያለፍኩበት ነገር በዚያች ደቂቃ ከአእምሮዬ ጠፋ።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተረኛዋ ሲስተር መጣች። በዕድሜ እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት። ከረጢቱን አየችው፤ እኔን አየችኝ፤ ማንም እንዳይሰማ ጠጋ ብላ «ዶክተርዬ፣ ጭንቅላቱን ነው እኮ የተመታው። ይቺን ነቅለን ኖርማል ሳላይን ብናደርግለት ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። በጥያቄ መልክ አቀረበችው እንጂ እርማት ነበር። ነቀልነው።

ያ ልጅ ወደ ንጋት ላይ እንቅልፍ እየበዛበት ሄደ፤ አምቡላንሱ ደርሶ ላክነው። መትረፉን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰማሁ። የገባለት ግሉኮስ ጥቂት ስለነበር አደጋ አድርሶበታል አልልም። ግን ሲስተር ባትኖር ያ ሊትር ሙሉውን ይገባ ነበር። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ይህን ጉዳይ ለማንም ሰው በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት እንዳለብኝ ይሰማኛል። ዛሬ ልሞክር።

አንጎል ነርቭ ብቻ አይደለም

አብዛኛው ሰው አንጎል ሲባል የሚታየው የነርቭ ሴል ነው። ያስባል፣ ያስታውሳል፣ እጅና እግርን ያዛል። እውነት ነው። ግን የነርቭ ሴል ብቻውን አንድ ቀን አያድርም። ዙሪያውን የሚመግቡት፣ ቆሻሻውን የሚያነሱለት፣ ጨውና ውኃውን የሚመጥኑለት ደጋፊ ሴሎች አሉ። ሩዶልፍ ቪርሾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለነዚህ ሴሎች ስም ሲሰጥ «የነርቭ ማጣበቂያ» በሚል ሐሳብ ነበር። እንደ ሙጫ ነው ያያቸው። ለረጅም ጊዜ እኛም እንደዚያው ስናያቸው ኖረናል።

ከነዚህ ደጋፊዎች ዋነኛው አስትሮሳይት ይባላል፤ «ኮከብ መሰል ሴል» ማለት ነው፤ ክንዶቹ በየአቅጣጫው ስለሚዘረጉ። አንዱ ክንዱ ነርቭን ይነካል፤ ሌላው ክንዱ ደግሞ ጫፉን ሰፋ አድርጎ የደም ሥርን ያቅፋል። እንግዲህ በደምና በነርቭ መካከል የቆመ ቤት ጠባቂ በሉት። ውኃው የሚገባውም የሚወጣውም በአብዛኛው በሱ ደጅ ነው።

ጭንቅላት ሲመታ፣ ወይም በስትሮክ የደም ሥር ሲዘጋ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲያሽቆለቁል መጀመሪያ ከሚያብጡት ሴሎች አንዱ ይሄው አስትሮሳይት ነው።

ሴል እንዴት ያብጣል?

በጣም ቀላል ነው። ሴል ሁሉ ውስጡ የገባውን ሶዲየም ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ አለው። ፓምፑ በጉልበት ነው የሚሠራው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ደግሞ ከኦክስጅንና ከስኳር ነው። የደም ፍሰቱ ሲቀንስ ፓምፑ ይደክማል፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጨው ባለበት ደግሞ ውኃ ተከትሎ ይገባል። ሴሉ ተነፋ ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ከውጭ ነው። ደሙ ከልክ በላይ ከቀጠነ፣ ማለትም ከጨው ይልቅ ውኃው ከበዛ፣ ፓምፑ ጤነኛ ቢሆን እንኳ ውኃው ጨው ወዳለበት ወደ ሴሉ ይሮጣል።

አስትሮሳይት ላይ ይህ የሚበረታው ለውኃ ብቻ የተሠራ በር ስላለው ነው። አኳፖሪን ይባላል። የአኳፖሪን በሮችን ያገኘው ፒተር አግሬ በ2003 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። አንጎል ውስጥ በብዛት ያለው አኳፖሪን 4 የሚባለው ሲሆን የሚደረደረውም በትክክል የደም ሥሩን ባቀፈው የአስትሮሳይት ጫፍ ላይ ነው።

ማገር፣ ልጥና መቃን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም ይሄ ክፍል ነው።

ሴል ሲባል ብዙዎቻችን በውኃ የተሞላ ፊኛ ይመስለናል። አይደለም። ሴል እንደ ጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ምርጊቱ ብቻውን አይቆምም፤ ውስጡ ማገር አለው፤ ማገሩን የሚያስረው ልጥ አለው፤ በሩ የሚቸነከርበት መቃን አለው። አስትሮሳይትም እንዲሁ የራሱ የግንባታ ፕሮቲኖች አሉት።

ማገሩ በዋናነት ግሊያል ፊብሪላሪ አሲዲክ ፕሮቲን የሚባለው ነው፤ ባጭሩ ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. እንለዋለን። ቪሜንቲን የሚባል ሌላ ማገር አብሮት አለ። ልጡ አክቲን ነው፤ ከሴሉ ሽፋን ሥር ስፔክትሪን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጠላልፎ መረብ ይሠራል። መቃኑ ደግሞ የዲስትሮፊን ቤተሰብ ነው፤ አዎ፣ የጡንቻ መድከም በሽታ ባለባቸው ልጆች ላይ የሚጎድለው የዚያ ፕሮቲን ዘመድ። የውኃው በር፣ አኳፖሪን 4፣ ከደም ሥሩ አጠገብ ተቸንክሮ የሚቆመው በዚህ መቃን ነው። በአይጦች ላይ ሲንትሮፊን የሚባለውን አንዱን የመቃኑን ክፍል ሲያጠፉት የውኃው በር ከደም ሥሩ አጠገብ ተነቅሎ ይበተናል።

ታዲያ ማገሩ እብጠት ላይ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ብዙዎች የሚገምቱት «እንዳይለጠጥ ይይዘዋል» የሚል ነው። በከፊል ልክ ነው፤ ግን ሌላም ሥራ አለው። ጤነኛ አስትሮሳይት ሲነፋ ዝም ብሎ አይፈነዳም። መነፋቱን ያውቃል፤ ከዚያ ፖታስየም፣ ክሎራይድና ታውሪን የሚባሉ ነገሮችን ወደ ውጭ ያፈሳል፤ ውኃው እነሱን ተከትሎ ይወጣል፤ ሴሉ ወደ ልኩ ይመለሳል። በ1998 የታተመ አንድ ጥናት ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ.ም ቪሜንቲንም የሌላቸው የአይጥ አስትሮሳይቶችን በቀጠነ ፈሳሽ ውስጥ ሲያስገባ ያፈሰሱት ታውሪን ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። እንግዲህ ማገሩ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ውኃ እንደገባበት የሚያውቀውና የሚያፈስሰው በከፊል በማገሩ በኩል ነው።

ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. የሌላቸው አይጦች በሰላሙ ጊዜ ደህና ይመስላሉ። ይወልዳሉ፣ ይሮጣሉ። ጭንቅላታቸው ሲመታ ግን ከጤነኞቹ ይልቅ ይጎዳሉ። ማገር የሌለው ቤት በበጋ ይቆማል፤ ክረምት ሲመጣ ነው የሚታወቀው።

በሰውም ላይ የሚታይ ምሳሌ አለ። ጭንቅላት ሲመታ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባና ካልፔይን የሚባል ቆራጭ ኢንዛይም ያስነሳል። ይህ ኢንዛይም ስፔክትሪኑንም ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ.ውንም ይቆራርጣል። ስብርባሪው ወደ ደም ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ.ንና አንድ ሌላ ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚለካ ምርመራ ፈቅዷል፤ ጭንቅላቱን ቀለል ያለ ምት የተመታ ሰው ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ለመወሰን ይረዳል። አስቡት፤ ደም ውስጥ የሚገኘው የፈረሰው ቤት የማገር ስንጥር ነው።

ስለዚህ የተመታ አንጎል ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ አለበት። ፓምፑ ደክሟል፣ ውኃ ይገባል፤ ማገሩም እየተቆራረጠ ነው፣ ውኃውን ለማፍሰስ ያለው አቅም ይደክማል። በዚህ ላይ የነፋው የአስትሮሳይት ጫፍ ያቀፈውን ቀጭን የደም ሥር ራሱ ይጫነዋል። ደም ይቀንሳል፤ ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ፓምፑ የባሰ ይደክማል። ክፉ አዙሪት ነው።

እና ይህ ሁሉ የሚሆነው የማይለጠጥ አጥንት ውስጥ ነው። የጎልማሳ ሰው የራስ ቅል ከመቶ ሰማንያ እጅ ገደማው አንጎል፣ የቀረው ደግሞ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ነው። እግር ሲያብጥ ጫማ እናወልቃለን። አንጎል ሲያብጥ የሚወለቅ ነገር የለም። መጀመሪያ ፈሳሹ ቦታ ይለቃል፣ ቀጥሎ ደሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመቀው ራሱ አንጎሉ ነው።

ታዲያ ግሉኮሱ ምን አደረገ?

አምስት በመቶ ግሉኮስ ከረጢቱ ውስጥ እያለ ጥሩ ይመስላል፤ ከደም ጋር የሚቀራረብ ልክ አለው። ግን ደም ውስጥ ሲገባ ሰውነት ስኳሩን ይበላዋል። የሚቀረው ምንድን ነው? ንጹሕ ውኃ። አንድ ሊትር ሰክታችኋል ማለት ውሎ አድሮ ጨው የሌለው አንድ ሊትር ውኃ ሰክታችኋል ማለት ነው። ከዚያ ውኃ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደም ሥር ውስጥ አይቆይም፤ ወደ ሴሎች ይገባል። የአንጎል ሴሎችም ከነዚያ መካከል ናቸው። የተጎዳ አንጎል ደግሞ ሰውነት ውኃ እንዳይሸና የሚያደርግ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያስለቅቅ ስለሚችል ውኃው ቶሎ አይወጣም። ከዚህ ሌላ ከፍ ያለ የደም ስኳር ራሱ ለተጎዳ አንጎል ደግ አይደለም።

ኖርማል ሳላይን ግን በሊትር 154 ሚሊሞል ሶዲየም አለው። የጤነኛ ሰው ደም ከ135 እስከ 145 ነው። ስለዚህ ውኃውን ከሴል ውጭ ይዞት ይቆያል። የደም ግፊቱን ይደግፋል፤ የተነፋውን አስትሮሳይት አያጠጣውም። ሲስተር ያንን ከረጢት ያስነቀለችኝ ለዚህ ነው። ስለ አኳፖሪን አንብባ ይሁን አይሁን ጠይቄያት አላውቅም። ትክክል መሆኗን ግን አውቃለሁ።

«ጉልበት ይሰጠዋል» ለምትሉም አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ። አንድ ሊትር አምስት በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። ከ10 እስከ 12 የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው፤ ከ200 ኪሎ ካሎሪ አይበልጥም። እህል ያልቀመሰ ሰው ራቡን በዚህ አይወጣም። ጎልማሳ ሰው አንድ ሌሊት ሳይበላ ቢያድር አይሞትም፤ አንጎሉ ከልክ በላይ ካበጠ ግን ሊሞት ይችላል።

ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ እንዳልሳሳት ልናገር። የደም ስኳሩ የወረደ ሰው ግሉኮስ ያስፈልገዋል፤ ያውም ባስቸኳይ። በተለይ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ መጠጥ የጠጣ ወይም ሕፃን ከሆነ። ለዚህ ነው ራሱን የሳተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስኳሩ የሚለካው። ተለክቶ ከወረደ ይሰጣል፤ ለሕፃናትም ስኳሩ ከጨው ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥበት አግባብ አለ። እኔ የምቃወመው ሳይለካ፣ «ለማስታገሻ ያህል» የሚንጠለጠለውን ነው።

ለሙያ አጋሮቼ

እዚህ ላይ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የሆናችሁ ተከታታዮቼ «መጋዘን ውስጥ ያለው ግሉኮስ ብቻ ሲሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ገብቶኛል፤ ደርሶብኛል። ግን «የለም» የሚለው መልስ ከጥያቄው በፊት መምጣት የለበትም። ኖርማል ሳላይን ውድና ብርቅ ቅንጦት አይደለም፤ ጨውና ውኃ ነው። የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ሳላይን እንዳያልቅ የሚጠይቅ ከሆነ ግዢው ውስጥ ይገባል። ዝም ካልን ግን በሚመጣው ነገር መሥራት ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ ሲውል ሲያድር ሕክምና ይመስላል።

ሌላው ልማድ ዴክሳሜታዞን ነው። «አንጎል አብጧል፣ ዴክሳ ስጡት» የሚለው አባባል አሁንም በየዋርዱ አለ። ከየት እንደመጣም ይገባኛል፤ በአንጎል እጢ ዙሪያ ለሚፈጠር እብጠት በርግጥ ይሠራል። እዚያ ችግሩ የደም ሥሩ ግድግዳ ማፍሰሱ ነው። በተመታ ወይም ደም ባጣ አንጎል ግን ትልቁ ክፍል የሴሉ ራሱ መነፋት ነው፤ ስቴሮይድ ያንን ፓምፕ አያስነሳውም፤ የተቆረጠውንም ማገር አይቀጥለውም። ይህ ደግሞ ግምት ሆኖ አልቀረም። ክራሽ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት ጭንቅላታቸውን የተመቱ 10,008 ጎልማሶችን መዝግቦ ግማሾቹን ስቴሮይድ፣ ግማሾቹን ደግሞ ባዶ መድኃኒት ሰጥቶ አየ። ውጤቱ በ2004 ሲወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሞቱት ስቴሮይድ ካገኙት 21.1 በመቶ፣ ካላገኙት 17.9 በመቶ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ 20,000 ሰው ሊመዘግብ ታስቦ በመሐል እንዲቆም የተደረገው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት በበጎ ልቦና ስንት ሰው ላይ ጉዳት እንደደረሰ አስቡት።

ለኔ ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው፦ «እብጠት» አንድ ቃል ነው፤ አንድ በሽታ ግን አይደለም። የውኃው በር ጉዳይ ራሱ ይህን ያሳያል። በ2000 የታተመ ጥናት አኳፖሪን 4 የሌላቸው አይጦች ውኃ ሲበዛባቸውም ሆነ ስትሮክ ሲያጋጥማቸው አንጎላቸው ያነሰ እንደሚያብጥ አሳየ። «በሩን እንዝጋው፣ አለቀ!» ያሰኛል። ቆየት ብሎ ግን የአንጎል እጢ ባለባቸው አይጦች ላይ ሲሞከር ያው በር የሌላቸው የባሰ አበጡ። ለምን? የፈሰሰው ውኃ መውጫውም ያው በር ነበራ! ማገሩም እንዲሁ ነው። ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. በምቱ ሰሞን ይከላከላል፤ ቆይቶ ግን ከመጠን በላይ ሲከመር ጠባሳ ይሆንና የነርቭ እንደገና መገናኘትን ያዳክማል። በዘር ለውጥ ምክንያት የተበላሸ ጂ.ኤፍ.ኤ.ፒ. አስትሮሳይት ውስጥ ሲከማች ደግሞ አሌክሳንደር የሚባል ከባድ የልጆች በሽታ ያስከትላል። መነሻው ይህ መሆኑ የታወቀው በ2001 ነው።

ስለዚህ ዛሬ በእጃችን የአስትሮሳይትን ማገር የሚጠግን መድኃኒት የለም። ያለን ነገር ተራ የሚመስለው ነው፦ ኦክስጅን እንዳይወርድ፣ የደም ግፊት እንዳይወድቅ፣ ሶዲየም እንዳይቀንስ፣ ስኳር ተለክቶ እንዲታወቅ፣ የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ እንዲል፣ አንገት እንዳይጣመም፣ ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ቶሎ እንዲደርስ። አስፈላጊ ሲሆን ማኒቶል ወይም ወፈር ያለ የጨው ፈሳሽ። እነዚህ ፎቶ የሚነሱ ሕክምናዎች አይደሉም። ግን እያንዳንዳቸው ያንን የደከመ ፓምፕ ነው የሚደግፉት። ተራ ነገርን በሰዓቱ ማድረግ ምንም እንዳላደረጉ የሚያስቆጥር መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ወንድምየው ያን ዕለት የከረጢት መንጠልጠልን ያየው እንደ ሕክምና፣ ራስጌ ከፍ ማድረግንና በየሰዓቱ ዓይን ማየትን ግን እንደ ቸልተኝነት ነው። ይህን ያስተማርነው እኛው ነን።

ለቤተሰብ

አሁን ለናንተ። ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ምን ታደርጋላችሁ?

መጀመሪያ ቀስ በሉ። አንገቱም ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ በብብት አንስታችሁ ባጃጅ ውስጥ አታጥፉት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ራሱና አንገቱ ቀጥ እንዳለ ተሸከሙት። የሚያስመልሰው ከሆነ ራስ፣ አንገትና ወገቡን አንድ ላይ አድርጋችሁ ወደ ጎን አዙሩት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ያዙት፤ የቡና ዱቄት አትነስንሱበት። አረቄ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ «እንዲነቃ» ተብሎ በግድ በአፉ የሚሰጥ ነገር፣ ሁሉም ይቅር።

ወዲያው ሕክምና ቦታ መድረስ ያለበት ማን ነው? ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ራሱን ስቶ የነበረ፤ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፤ ራስ ምታቱ እየባሰ የሚሄድበት፤ የሚቀባጥር ወይም ሰው መለየት ያቃተው፤ ያንቀጠቀጠው፤ አንድ ወገን እጅና እግሩ የደከመበት፤ የአንዱ ዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ፤ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ የሚወርደው። አረጋውያን፣ ሕፃናትና የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ምቱ ቀላል ቢመስልም ይታዩ።

«ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ቤት የገባ ሰው ብቻውን አይደር። እብጠት ሰዓት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ዋና ናቸው፤ ከዚያም በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ዓይናችሁን አትንቀሉበት። መተኛቱ ኃጢአት የለውም፤ ግን በየጊዜው ቀስቅሱት። ስሙን፣ የት እንዳለ፣ እናንተ ማን እንደሆናችሁ ጠይቁት። ለመቀስቀስ አስቸጋሪ ከሆነ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። ይዛችሁት ሩጡ።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ ደግሞ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ግን «ግሉኮስ ስጡት» ከማለት ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦ «ስኳሩ ተለካ ወይ? ኦክስጅኑ ስንት ነው? የምትሰጡት ፈሳሽ ምንድን ነው? ሪፈር ያስፈልገዋል ወይ?» እነዚህ አራት ጥያቄዎች የደከመውንም ሐኪም ያነቁታል። እኔን ያነቁኝ ነበር።

የሞተር ሳይክል ነጂ ወዳጅ፣ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ፣ ሄልሜት ግዙለት። ከላይ የጻፍኩት ፕሮቲን ሁሉ ሲቆራረጥ መልሶ የሚገጥም መድኃኒት እንደሌለ አይታችኋል። ምቱ ማገሩ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስቀረው እሱ ነው። ከኋላ የሚፈናጠጠውም ጭንቅላት እንዳለው አትርሱ።

ያቺን ሲስተር እስካሁን ሳስባት «ብንነቅላት ምን ይመስልሻል?» ያለችበት ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። ልታሳፍረኝ ትችል ነበር፤ አላሳፈረችኝም። ልጁንም እኔንም አዳነችን። ከኔ በኋላ ለመጡ ጀማሪ ሐኪሞች ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ለመጠየቅ እሞክራለሁ።

እናንተስ? «ግሉኮስ ይሰካለት» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይም ሐኪም ሆናችሁ ለማስደሰት ስትሉ ሰክታችሁ ታውቃላችሁ? በኮሜንት ጻፉልኝ፤ አንወቃቀስም፣ እንማማራለን። ጽሑፉ ጠቃሚ ከመሰላችሁ ሼር አድርጉት፤ በተለይ ለሞተርና ለባጃጅ ሹፌሮች።

ደህና ሁኑልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!